ፔት ስካን እና ከአይጂጂ-4 ጋር የተያያዘ በሽታ፦ የበራ እጢ ምን ይናገራል? ምንስ አይናገርም?

ከመንጋጋዎ ሥር ወይም ከዓይንዎ ሽፋን በላይ ሕመም የሌለው እብጠት ታይቶብዎት፣ ሐኪምዎ ከአይጂጂ-4 ጋር የተያያዘ በሽታ መኖሩን ጠርጥረው ፔት ስካን አዘውልዎት ይሆናል። ወይም ምርመራውን ጨርሰው በውጤቱ ላይ «የምራቅ እጢዎች ጎልተው በርተዋል» የሚል አንብበው ተጨንቀው ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ፔት ስካን በዚህ በሽታ የተጠቁ እጢዎችን እንዴት እንደሚያሳይ፣ ውጤቱ እንዴት እንደሚተረጎምና ለምርመራው እንዴት መዘጋጀት እንዳለብዎት ያስረዳል።

በአጭሩ

• ፔት ስካን በሽታው የት የት እንዳለና ምን ያህል ንቁ እንደሆነ ይጠቁማል። የበሽታውን ስም ግን ብቻውን አይናገርም።
• የበራ እጢ ሁሉ ካንሰር አይደለም። የበራ እጢ ሁሉ ከአይጂጂ-4 ጋር የተያያዘ በሽታም አይደለም። ሁለቱን ለመለየት አብዛኛውን ጊዜ ከተጠቃው ቦታ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል።
• የስቴሮይድ መድኃኒት ከምርመራው በፊት ከተጀመረ ውጤቱን ሊያደበዝዝ ይችላል።
• ፔት ስካን ጠቃሚ ቢሆንም የግድ አይደለም። በሌሎች ምርመራዎች ተለይተው የሚታከሙ ሰዎች አሉ።

በመጀመሪያ ስለ «እጢ» ቃል

በአማርኛ «እጢ» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማለታችን ነው። አንደኛው ማንኛውም ጤናማ ሰው ያለው፣ ምራቅ፣ እንባ ወይም ሆርሞን የሚያመነጭ የአካል ክፍል ነው። ሁለተኛው በሰውነት ላይ ያለ ቦታው የሚበቅል እባጭ ነው፤ ብዙዎች ይህን ከካንሰር ጋር ያያይዙታል። ስለዚህ ሐኪሙ «እጢዎ በርቷል» ሲሉ የተናገሩት ስለ ምራቅ እጢ ሆኖ ሳለ፣ ቤተሰብ ካንሰር ተገኘ ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። እንዲህ ያለ ቃል ሲሰሙ «የትኛው እጢ? የተፈጥሮ እጢዬ ነው ወይስ አዲስ የበቀለ ነገር?» ብለው ይጠይቁ። በዚህ ጽሑፍ «እጢ» የምንለው የተፈጥሮውን አካል ብቻ ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

አይጂጂ-4 በደማችን ውስጥ ካሉት የፀረ እንግዳ አካል ዓይነቶች አንዱ ነው። ከአይጂጂ-4 ጋር በተያያዘ በሽታ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ሕዋሳት ወደ አንድ ወይም ወደ ብዙ የአካል ክፍሎች ገብተው ይከማቻሉ። የተጠቃው ክፍል በመጀመሪያ ይቆጣል፣ ያብጣልም። ሕክምና ሳያገኝ ከቆየ ለስላሳው የአካል ክፍል ቀስ በቀስ በጠባሳ ይተካል። ጠባሳ ምራቅ አያመነጭም፣ ሽንትም አያጣራም። ስለዚህ እብጠቱ ባያምም በሽታውን ችላ ማለት አይገባም።

በሽታው ካንሰር አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በአብዛኛው የሚታየው በመካከለኛ ዕድሜና ከዚያ በላይ ባሉ ሰዎች ላይ ነው። በአጠቃላይ በወንዶች ላይ ይበዛል፤ የአንገትና የፊት እጢዎችን ሲያጠቃ ግን በወንዶችና በሴቶች መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው።

አንድ በሽታ መሆኑ የታወቀው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የጃፓን ተመራማሪዎች በአንድ ዓይነት የቆሽት መቆጣት በተያዙ ሰዎች ደም ውስጥ አይጂጂ-4 ከፍ ብሎ አገኙ። በ2003 ደግሞ ይኸው ችግር ከቆሽት ውጭ ባሉ የአካል ክፍሎችም እንደሚታይ ተገለጸ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአካል ክፍል ላይ የሚታየው ሕመም የየራሱ ስም ነበረው። የድሮ የሕክምና ወረቀትዎ ላይ «ሚኩሊትዝ»፣ «ኩትነር» ወይም «ሪደል» የሚሉ ስሞች ካዩ ከዚህ በሽታ ጋር ሊገናኙ ስለሚችሉ ለሐኪምዎ ያሳዩ።

የትኞቹ እጢዎች ይጠቃሉ?

• ከመንጋጋ ሥር ያሉ የምራቅ እጢዎች፦ ብዙ ጊዜ በሁለቱም በኩል ያብጣሉ፤ ሲዳስሷቸው ጠንከር ይላሉ።
• ከጆሮ ሥር ያሉ የምራቅ እጢዎች፦ እብጠቱ ጆሮ ደግፍ ሊመስል ይችላል። ጆሮ ደግፍ ግን በቀናት ውስጥ የሚመጣና የሚያም ሲሆን፣ ይህኛው በወራት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው።
• የእንባ እጢዎች፦ የላይኛው የዓይን ሽፋን ውጨኛ ጫፍ ያብጣል። አንዳንዴ ዓይን ወደ ፊት ይገፋል።
• ቆሽት፦ ኢንሱሊንና ምግብ የሚያልሙ ፈሳሾችን የሚያመነጨው ይህ እጢ ሲያብጥ የሐሞት ቱቦን ሊጫን ይችላል። በዚህ ጊዜ ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናሉ።
• ሌሎች፦ የአንገት እንቅርት እጢ፣ በአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ እጢ፣ በወንዶች ደግሞ ፕሮስቴት።

ከእጢዎች በተጨማሪ በሽታው ኩላሊትን፣ ሳንባን፣ የሐሞት ቱቦን፣ ትልቁን የደም ቧንቧና በሆድ ዕቃ ጀርባ ያለውን ቦታ ሊያጠቃ ይችላል። ንፍፊትም ሊያብጥ ይችላል።

ፔት ስካን እንዴት ይሠራል?

ለምርመራው በደም ሥርዎ በኩል ኤፍዲጂ የሚባል ንጥረ ነገር በመርፌ ይሰጥዎታል። ኤፍዲጂ ስኳር የሚመስል ሲሆን ጥቂት ጨረር የሚያመነጭ ፍሎሪን-18 ተያይዞበታል። በሥራ የተጠመዱ ሕዋሳት ብዙ ስኳር ስለሚወስዱ ይህንንም በብዛት ይወስዳሉ። ማሽኑ ከሰውነትዎ የሚወጣውን ጨረር ይዞ የት እንደተከማቸ በሥዕል ያሳያል። ብዙ የተከማቸበት ቦታ «በራ» ይባላል። አብሮ የሚነሳው ሲቲ ስካን ደግሞ የበራው ቦታ የትኛው የአካል ክፍል እንደሆነ ያሳያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ማሽኑ የሚያየው የስኳር አጠቃቀምን እንጂ አይጂጂ-4ን አይደለም። የተቆጣ የምራቅ እጢ ብዙ ስኳር ይወስዳል። የካንሰር ሕዋስ፣ የቲቢ ቁስልና ያመረቀዘ ጥርስም ይወስዳሉ። ጤናማ የምራቅና የእንባ እጢም በመጠኑ ሊበራ ይችላል። አንጎል፣ ልብ፣ ኩላሊትና የሽንት ፊኛ ደግሞ በጤናማ ሰውም መብራታቸው የተለመደ ነው።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው?

የተደበቀውን ያሳያል። ታማሚው የሚያየው ያበጠ መንጋጋውን ብቻ ነው። ፔት ስካን ግን በአንድ ጊዜ አብዛኛውን ሰውነት ስለሚያይ፣ ምንም ስሜት ያልሰጠውን የኩላሊት ወይም የደም ቧንቧ ችግር ሊያገኝ ይችላል። በቤጂንግ 35 ታማሚዎች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ ፔት ስካን ከ10 ታማሚዎች በ7ቱ ገደማ በተለመደው ምርመራ ከታወቁት በላይ የተጠቁ የአካል ክፍሎችን አሳይቷል። ይህ የሕክምናውን ውሳኔ ሊለውጥ ይችላል። እጢ ብቻ ለተጠቃበት ሰው ሐኪሙ አንዳንዴ በክትትል መቆየትን ሊመርጡ ይችላሉ፤ ኩላሊት ወይም የሐሞት ቱቦ ከተጠቃ ግን ሕክምናው አይዘገይም።

ናሙና የሚወሰድበትን ቦታ ለመምረጥ ይረዳል። ከቆሽት ወይም ከሆድ ዕቃ ጀርባ ናሙና መውሰድ ከባድ ነው። ፔት ስካኑ ከመንጋጋ ሥር ያለው የምራቅ እጢም እንደተጠቃ ካሳየ፣ ሐኪሞቹ በቀላሉ ከሚደረስበት ከዚያ ናሙና ሊወስዱ ይችላሉ።

በካንሰርና በዚህ በሽታ መካከል ላለው ጥርጣሬ ፍንጭ ይሰጣል። ለምሳሌ አንድ አዛውንት ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ቆሽታቸው አብጦ ተገኘ እንበል። የመጀመሪያው ስጋት የቆሽት ካንሰር ነው። ሥዕሉ ላይ ቆሽቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በርቶ፣ በሁለቱም በኩል ያሉት የምራቅ እጢዎችም አብረው ጎልተው ከበሩ ግን ሐኪሞቹ ስለ አይጂጂ-4 በሽታ ያስባሉ። ካንሰር ብዙውን ጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ጎልቶ ይታያል። ይህ ፍንጭ ሰውየውን አላስፈላጊ ከሆነ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ሊያድናቸው ይችላል። ሆኖም ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ካንሰር አለመሆኑ በሌላ ምርመራ መረጋገጥ አለበት።

መድኃኒቱ መሥራቱን ያሳያል። በሽታው ለስቴሮይድ በፍጥነት ምላሽ ይሰጣል። ከሕክምና በኋላ በድጋሚ ፔት ስካን ቢነሱ ቀድሞ የበሩት እጢዎች ደብዝዘው ሊታዩ ይችላሉ።

ፔት ስካን የማይነግርዎ ነገር

የበሽታውን ስም። የምራቅና የእንባ እጢዎችን የሚያሳብጡ ሌሎች በሽታዎች አሉ፦ ሾግረን፣ ሳርኮይዶሲስ፣ ሊምፎማ የሚባለው ካንሰር፣ ቲቢ፣ እንዲሁም ከኤችአይቪ ጋር የተያያዘ የእጢ እብጠት። ሾግረን ብዙ ጊዜ ከባድ የአፍና የዓይን ድርቀት ያመጣል፤ በአይጂጂ-4 በሽታ ግን እብጠቱ ጎልቶ ድርቀቱ ቀለል ይላል። ውጤቱ ላይ «ኤስዩቪ» የሚል ቁጥር ካዩ፣ ቦታው ምን ያህል እንደበራ የሚለካ ነው። ቁጥሩ ከፍ ስላለ ካንሰር ነው፣ ዝቅ ስላለ ካንሰር አይደለም ማለት አይቻልም።

የቆየ ጠባሳ። ፔት ስካን በደንብ የሚያየው የተቆጣውን ነው። ለዓመታት ቆይቶ ወደ ጠባሳ የተለወጠ እጢ ብዙ ስኳር ስለማይወስድ ላይበራ ይችላል። ስለዚህ «አልበራም» ማለት ሁልጊዜ «ጤናማ ነው» ማለት አይደለም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ጠባሳ የሚሠሩ ሕዋሳትን የሚያሳይ ፋፒ የሚባል ሌላ የፔት ንጥረ ነገር እየተጠና ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በጀርመን ኤርላንገን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሁለቱን አነጻጽረው፣ ኤፍዲጂ መቆጣትን፣ ፋፒ ደግሞ የጠባሳ ሥራን ለይቶ ለማሳየት እንደሚረዳ አመልክተዋል። ፋፒ ገና በብዙ ሆስፒታሎች የተለመደ ምርመራ አይደለም።

በተፈጥሮ በሚበሩ ቦታዎች አጠገብ ያለ ችግር። ፒቱታሪ በአንጎል አጠገብ ስለሆነ፣ ኩላሊት ደግሞ ንጥረ ነገሩን በሽንት ስለሚያስወጣ፣ በእነዚህ ቦታዎች ያለ በሽታ ሊሸፈን ይችላል። ለእነሱ ኤምአርአይ ወይም ሌላ ምርመራ ይታዘዛል።

በሽታው እንዴት ይረጋገጣል?

ሐኪሞች አራት ነገሮችን አንድ ላይ ያያሉ፦ የሕመሙን ታሪክና የአካል ምርመራን፣ የደም ምርመራን፣ ሥዕሉንና ናሙናውን። በደም ውስጥ ያለው አይጂጂ-4 ከፍ ማለቱ ጥርጣሬውን ያጠናክራል፤ ግን በሽታው ኖሮባቸው መጠኑ ያልጨመረ ሰዎች አሉ። በሌላ በሽታ የሚጨምርባቸውም አሉ። ጠንካራው ማስረጃ ናሙናው ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ አይጂጂ-4 የያዙ ሕዋሳት በብዛት መኖራቸው፣ የጠባሳው አሠራርና የደም መልሶች መዘጋት ይታያል።

ስቴሮይድ ከመጀመርዎ በፊት

እብጠቱ እንዲቀንስ ፕሬድኒሶሎን ቶሎ መጀመር ያጓጓል፤ አንዳንዴም «ይሞከር» ተብሎ ይሰጣል። ነገር ግን ስቴሮይድ የአይጂጂ-4 በሽታን ብቻ ሳይሆን ሊምፎማንም ለጊዜው ሊያሟሽሽ ይችላል። እብጠቱ ሲጠፋ ሁሉም ሰው ይደሰታል፤ የካንሰሩ ምልክት ግን ከናሙናውም ከሥዕሉም ተደብቆ ውድ ጊዜ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ አስቸኳይ ሁኔታ ከሌለ በመጀመሪያ ናሙናውና ሥዕሉ ተወስደው ከዚያ ሕክምና ቢጀመር ይመረጣል። ቀድሞውኑ እየወሰዱ ከሆነ በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ፤ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። መቼ እንደጀመሩና ምን ያህል እንደሚወስዱ ግን ለሐኪምዎና ለፔት ስካን ባለሙያው ይንገሩ።

ቲቢ በብዛት በሚገኝባት ኢትዮጵያ የሚኖሩ ወይም ያደጉ ከሆነ ሌላም ምክንያት አለ። የአንገት ንፍፊት ሲበራ ቲቢም ሊሆን ይችላል። ስቴሮይድና ሪቱክሲማብ የመሳሰሉ መድኃኒቶች በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የቆየ ቲቢን፣ ሄፓታይተስ ቢን ወይም ስትሮንጂሎይደስ የሚባል የአንጀት ትልን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ሕክምናዎን በውጭ አገር የሚከታተሉ ከሆነ የት እንዳደጉ፣ ከዚህ በፊት ቲቢ ታመው ወይም ከታመመ ሰው ጋር ኖረው እንደሆነ ሳይጠየቁም ይናገሩ።

ለምርመራው እንዴት ይዘጋጃሉ?

የምርመራ ማዕከሉ የሚሰጥዎትን መመሪያ ይከተሉ። በአብዛኛው የሚከተሉት ይገኙበታል፦

• ከምርመራው በፊት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ምግብ አይብሉ። ንጹህ ውሃ ይጠጡ። ስኳር ያለበት ሻይ፣ ቡናና ለስላሳ መጠጥ አይፈቀድም። ውሃ የማይጠጡበት ጾም ላይ ከሆኑ ቀኑን ሲይዙ ይንገሩ።
• ስኳር በሽታ ካለብዎት አስቀድመው ያሳውቁ። የደም ስኳር በጣም ከፍ ካለ ምርመራው ሊዘገይ ይችላል። ኢንሱሊንና ሜትፎርሚን መቼ እንደሚወስዱ ይነገርዎታል።
• ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ከባድ ሥራና ስፖርት ያቁሙ።
• በዕለቱ ማስቲካም ሆነ ጫት አያኝኩ። መርፌውን ከተወጉ በኋላም ብዙ አይናገሩ። የሚያኝክ ጡንቻ ስኳር ስለሚወስድ በምራቅ እጢዎች አጠገብ በርቶ ሊያሳስት ይችላል።
• ሙቀት ያለው ልብስ ይልበሱ፤ ጋቢም ቢይዙ ጥሩ ነው። ሰውነት ሲበርደው በአንገት አካባቢ ያለ አንድ ዓይነት ስብ ይበራል።
• የጥርስ ሕመም፣ ጉንፋን፣ በቅርቡ የተወሰደ ክትባት ወይም ናሙና ካለ ይናገሩ። እነዚህም ሊበሩ ይችላሉ።
• እርጉዝ ከሆኑ፣ እርግዝና ከጠረጠሩ ወይም ጡት የሚያጠቡ ከሆነ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ይናገሩ።

መርፌውን ከተወጉ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል በጸጥታ ያርፋሉ። ሥዕሉ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል፤ አያምም። የፍሎሪን-18 ጨረር በየ110 ደቂቃው ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ውሃ ጠጥተው ቶሎ ቶሎ ሽንት መሽናትም ያስወግደዋል። በዚያ ዕለት ለጥቂት ሰዓታት ሕፃናትን ከማቀፍና ከነፍሰ ጡሮች ጋር ተጠግቶ ከመቀመጥ እንዲቆጠቡ ሊነገርዎት ይችላል።

ፔት ስካን በአቅራቢያዬ ከሌለስ?

ምርመራው ውድ ነው፤ በየቦታውም አይገኝም። ንብረት ሸጦ ወይም ተበድሮ ከአገር ለመውጣት ከመወሰንዎ በፊት ሐኪምዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «የፔት ስካኑ ውጤት ሕክምናዬን ይለውጣል?» የምራቅ እጢ በአልትራሳውንድ ይታያል። ደረት፣ ሆድና ዳሌ በሲቲ ስካን ይታያሉ። የኩላሊትና የጉበት ሁኔታ በደምና በሽንት ምርመራ ይታወቃል። ካበጠው እጢ የተወሰደ ጥሩ ናሙና፣ ናሙና ከሌለው ፔት ስካን የበለጠ ይነግራል። ያለዎት ገንዘብ ውስን ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ለናሙናው ነው።

ከውጤቱ በኋላ

በሽታው ከተረጋገጠና ሕክምና ካስፈለገ የመጀመሪያው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ነው። ለጥቂት ሳምንታት ከተወሰደ በኋላ መጠኑ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። በሽታው ሲመለስ ወይም ስቴሮይድ ሳይስማማ ሲቀር ሪቱክሲማብ ወይም ሌላ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኢነቢሊዙማብ የሚባለውን መድኃኒት ለዚህ በሽታ ፈቅዷል። በሽታው ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል፣ እብጠቱ ቢጠፋም ክትትሉን አያቋርጡ። በእያንዳንዱ ቀጠሮ ግን ፔት ስካን አያስፈልግም።

ለሐኪምዎ ሊያቀርቧቸው የሚችሉ ጥያቄዎች

• የበሩት የትኞቹ እጢዎች ናቸው? የተለመደ መብራት ነው ወይስ ከዚያ ያለፈ?
• ከእጢዎቹ ሌላ የተጠቃ የአካል ክፍል አለ?
• ናሙና ይወሰዳል? ከየት? መድኃኒት ከመጀመሬ በፊት ነው?
• ሊምፎማና ቲቢ አለመሆኑ በምን ተረጋገጠ?

ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና የሚሄዱት መቼ ነው?

ዓይንዎ ወይም ቆዳዎ ቢጫ ከሆነ፣ የማየት ችሎታዎ ከቀነሰ ወይም ነገር ሁለት ሆኖ ከታየዎት፣ ሽንትዎ ካነሰ፣ መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገረዎት ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ትኩሳት፣ ሌሊት የሚያጠምቅ ላብና ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ ከእብጠቱ ጋር ከመጡም እንዲሁ ያድርጉ፤ እነዚህ ሊምፎማን ወይም ቲቢን ሊያመለክቱ ይችላሉ።

የምርመራውን ሥዕል በሲዲ ወይም በፍላሽ፣ ከናሙናው ውጤት ጋር በቤትዎ ያስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ እጢዎ እንደገና ቢያብጥ፣ አዲሱን ሥዕል ከአሮጌው ጋር ማነጻጸር ለሚያክምዎት ሐኪም ትልቅ እገዛ ነው።